ዩኩሌሌና አዲስ አገር የገባ ሰው

ዩኩሌሌ ጊታር የሚመስል፣ አራት ክሮች ያሉት ትንሽ የሙዚቃ መሣሪያ ነው። ሶፕራኖ የሚባለው መደበኛ ዓይነት ከጫፍ እስከ ጫፍ 53 ሳንቲ ሜትር ያህል ይረዝማል። ኮንሰርት፣ ቴነርና ባሪቶን የሚባሉት ደግሞ ደረጃ በደረጃ እየተለቁ ይሄዳሉ። ክሮቹ ከናይለን ወይም እሱን ከመሰለ ሰው ሠራሽ ነገር ስለሚሠሩ የጀማሪን ጣት እንደ ብረት ክር አያቆስሉም። ክብደቱ ቀላል፣ ዋጋውም ከብዙዎቹ የሙዚቃ መሣሪያዎች ያነሰ ነው። አንድ ጀማሪ በአንድ ጣት ብቻ ሦስት ኮርዶችን (በአንድነት የሚሰሙ ድምፆችን) መያዝ ይችላል። በመጀመሪያው ሳምንት ከሌሎች ጋር ተቀምጦ አንድ ዘፈን ማጀብም አያቅተውም።

እነዚህ ባሕርያት ዩኩሌሌን ከብቻ ጨዋታ ይልቅ የጋራ ዘፈን መሣሪያ አድርገውታል። ዛሬ በሰሜን አሜሪካ፣ በብሪታኒያ፣ በጃፓን፣ በአውስትራሊያና በኒውዚላንድ በትናንሽ ከተሞች ሳይቀር በቋሚ ቀጠሮ የሚሰበሰቡ የዩኩሌሌ ቡድኖች አሉ። ለሥራ፣ ለትምህርት፣ ለጡረታ ወይም በስደት ወደ አዲስ አካባቢ ለተዛወረ ሰው እንዲህ ያለው ቡድን ከጎረቤቶቹ ጋር ከሚተዋወቅባቸው አጭር መንገዶች አንዱ ነው። ይህ የሆነው ያለ ምክንያት አይደለም። መሣሪያው ከትውልዱ ጀምሮ ከቦታ ወደ ቦታ ከሚዛወሩ ሰዎች ጋር የኖረ ነው።

ከማዴይራ ወደ ሆኖሉሉ

እ.ኤ.አ. ነሐሴ 23 ቀን 1879 ሬቨንስክራግ የተባለች መርከብ ከአራት ወር ጉዞ በኋላ ሆኖሉሉ ደረሰች። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) መርከቧ የጫነችው ከፖርቱጋል ደሴት ከማዴይራ የተነሡ፣ በሃዋይ የሸንኮራ አገዳ እርሻዎች ለመሥራት ውል የገቡ ከ400 በላይ ወንዶች፣ ሴቶችና ሕፃናት ነበር። ከመካከላቸው ማኑኤል ኑኔስ፣ አውጉስቶ ዲያስና ዦዜ ዶ ኢስፒሪቶ ሳንቶ የተባሉ ሦስት የእንጨት ሥራ ባለሙያዎች ይገኙ ነበር። ስደተኞቹ ማሼቴ የተባለውን ባለ አራት ክርና ራዣኦ የተባለውን ባለ አምስት ክር የማዴይራ መሣሪያ ይዘው መጥተዋል። ከደረሱ ሁለት ሳምንት ሳይሞላ በየምሽቱ መንገድ ላይ እየተጫወቱ የከተማውን ሕዝብ እንዳስደሰቱ በጊዜው የሆኖሉሉ ጋዜጣ ተዘግቧል።

ሦስቱ ባለሙያዎች የእርሻ ውላቸውን ጨርሰው በሆኖሉሉ የእንጨት ሥራ ሱቆች ከፈቱ። በእጃቸውም አዲስ መሣሪያ ተወለደ። የቅርጹ መሠረት ማሼቴ ነው፤ የክሮቹ ቅኝት ከራዣኦ ተወሰደ፤ እንጨቱ ደግሞ በሃዋይ ብቻ የሚበቅለው ኮአ ሆነ። የደሴቶቹ ንጉሥ ካላካዋ መሣሪያውን ወደዱት። በ1886 በተከበረው የ50ኛ ዓመት ልደታቸው በዓል ዩኩሌሌ የሁላ ውዝዋዜ ማጀቢያ ሆኖ ቀረበ። ባዕዳን ያመጡት መሣሪያ ከአሥር ዓመት ባነሰ ጊዜ ውስጥ የአገሬው ሙዚቃ መለያ ለመሆን በቃ። ይህን ያህል የፈጠነው መጤዎቹ ሙያቸውን ስለሰጡ፣ አገሬውም እንጨቱን፣ ዜማውንና መድረኩን ስለሰጠ ነው።

ቡድኖች እንዴት ተወለዱ

ዩኩሌሌ ከሃዋይ ወጥቶ በዋናው የአሜሪካ ምድር የታወቀው በ1915 በሳን ፍራንሲስኮ በተካሄደው ዓለም አቀፍ ኤግዚቢሽን ነው። በሃዋይ ድንኳን የተጫወቱ ሙዚቀኞችን የሰማው ጎብኚ መሣሪያውን ይፈልገው ጀመር። በማግስቱ ዓመት በ1916 ታዋቂው የጊታር አምራች ማርቲን ዩኩሌሌ በብዛት ማምረት ጀመረ። በዚያው ዓመት ሳሙኤል ካማካ በሆኖሉሉ የከፈተው ፋብሪካ ዛሬም በቤተሰቡ እጅ ይሠራል። በ1949 የጊታር ሠሪው ማሪዮ ማካፌሪ ለገበያ ያቀረበው ርካሽ የፕላስቲክ ዩኩሌሌ በሚሊዮኖች ተሸጠ።

ገበያ ብቻውን ግን ቡድን አይፈጥርም። ቡድኖችን የፈጠሩት ሰዎችን በቋሚነት የሚያገናኙ ተቋማትና አስተማሪዎች ናቸው። በጃፓን ይህን ሥራ የሠራው በሆኖሉሉ ተወልዶ ወደ ወላጆቹ አገር የተመለሰው ዩኪሂኮ ሃይዳ ነው። በ1920ዎቹ መጨረሻ የሃዋይ ሙዚቃ የሚጫወት ቡድን አቋቋመ፤ በ1959 ደግሞ የጃፓን የዩኩሌሌ ማኅበርን መሠረተ። በእንግሊዝ ዝነኛው የመድረክና የፊልም ሰው ጆርጅ ፎርምቢ በ1961 ሲሞት አድናቂዎቹ በዚያው ዓመት በስሙ ማኅበር አቋቁመው የእሱን አጨዋወት እየተማማሩ መሰብሰብ ቀጠሉ። በሃዋይ ሮይ ሳኩማ ከ1971 ጀምሮ ነፃ ዓመታዊ የዩኩሌሌ በዓል አዘጋጅቷል።

ከሁሉም ሰፊ ውጤት ያስገኘው የካናዳው ሙከራ ነው። ጄ. ቻልመርስ ዶን በ1960ዎቹ የሃሊፋክስ ከተማ ትምህርት ቤቶች የሙዚቃ ኃላፊ ሲሆን ዩኩሌሌን የመደበኛ ሙዚቃ ትምህርት መሣሪያ አደረገው። ልጆቹ ዜማ መጫወት፣ በኮርድ ማጀብ፣ ኖታ ማንበብና መዘመርን በአንድ መሣሪያ ተማሩ። መርሐ ግብሩ በመላ ካናዳ ተዛምቶ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ተማሪዎች አለፉበት። ብሪቲሽ ኮሎምቢያ ውስጥ በምትገኘው ላንግሊ ከዚሁ ትምህርት የወጣ የተማሪዎች ቡድን በዓለም መድረክ ታውቋል። በዚህ ትምህርት ያለፉ ልጆች ዛሬ አዋቂዎች ናቸው፤ በካናዳ የአዋቂዎች ቡድን ውስጥ ከ30 እና ከ40 ዓመት በኋላ መሣሪያውን እንደገና ያነሣ ሰው ማግኘት የተለመደ ነው።

ከ1990ዎቹ ወዲህ መሣሪያው እንደገና ተስፋፋ። ሃዋያዊው ድምፃዊ ኢዝራኤል ካማካዊዎኦሌ በዩኩሌሌ ብቻ ታጅቦ የዘፈነው የድሮ የፊልም ዘፈን፣ በ1993 ባወጣው አልበም ውስጥ ተካትቶ ዓለምን ዞረ። በ1985 ለንደን ውስጥ የተመሠረተው የታላቋ ብሪታኒያ የዩኩሌሌ ኦርኬስትራም በዚህ መሣሪያ ብቻ ሙሉ ኮንሰርት ማቅረብ እንደሚቻል አሳየ። ከዚያ በኋላ ቡድኖች በየከተማው በዙ።

እንግዳን ለመቀበል ለምን ይመቻል

አዲስ አገር የገባ ሰው ትልቁ ችግር ከማንም ጋር ያለ ጉዳይ መገናኘት አለመቻሉ ነው። በሥራ ቦታ ሥራው፣ በገበያ ግዢው ያገናኛል፤ ከዚያ ያለፈ ወግ ግን ከብዙ ጊዜ በኋላ ይመጣል። አብሮ መዝፈን ይህን ጊዜ እንደሚያሳጥር በጥናት ታይቷል። ኤይሉነድ ፒርስ፣ ዣክ ሎኔይና ሮቢን ደንባር በ2015 ባሳተሙት ጥናት በእንግሊዝ አዲስ የተከፈቱ የአዋቂዎች ትምህርት ክፍሎችን ለሰባት ወራት ተከታትለዋል። አንዳንዶቹ መዝሙር፣ ሌሎቹ የእጅ ሥራ ወይም የፈጠራ ጽሑፍ ይማሩ ነበር። በመጨረሻ የሁሉም ክፍሎች ተማሪዎች ከጓደኞቻቸው ጋር ተቀራርበዋል። ልዩነቱ የዘማሪዎቹ ቅርርብ ገና ከመጀመሪያው ወር ጎልቶ መታየቱ ነው። ተመራማሪዎቹ እንዳስረዱት መዝሙር ሰዎች በግል ሳይተዋወቁም በጅምላ እንዲቀራረቡ ያደርጋል።

ዩኩሌሌ በዚህ ላይ ሌላ ጥቅም ይጨምራል። ለመዝፈን የሚያፍር ሰው በእጁ የሚሠራው ነገር ያገኛል። የአገሩን ቋንቋ ገና በመማር ላይ ያለ ሰው ደግሞ የተጻፈ ግጥም ፊቱ ተቀምጦ፣ ሠላሳ ሰው አብሮት እየዘፈነ፣ ተመሳሳዩን አዝማች ደጋግሞ ይላል። ስሕተቱ በብዙኃኑ ድምፅ ይሸፈናል፤ አጠራሩ ግን ይቃናል።

ለዚህ ሁሉ ጥሩ ምሳሌ የሚሆነው ላስ ቬጋስ ነው። በሃዋይ የኑሮ ውድነት የተገፉ በርካታ ቤተሰቦች ወደዚህች የኔቫዳ ከተማ ስለተዛወሩ ሃዋያውያን “ዘጠነኛዋ ደሴት” ይሏታል። የሃዋይ ምግብ፣ የሁላ ትምህርት ቤትና ዩኩሌሌ አብረዋቸው ሄደዋል። ሃዋያውያን ካኒካፒላ የሚሉት፣ ማንም መሣሪያውን ይዞ የሚቀላቀልበት የጋራ ጨዋታ በዚያ በረሃማ ምድርም ይደረጋል። ላስ ቬጋስ በርካታ ኢትዮጵያውያን የሚኖሩባት ከተማም ናት፤ ስለዚህ አንድ ኢትዮጵያዊ በዚያች ከተማ ወደ ካኒካፒላ ቢሄድ የሚቀበሉት ራሳቸው ከአገራቸው ርቀው የኖሩ ሰዎች ናቸው።

ቡድን የት ይገኛል

ቡድኖች እንደየአገሩ የሚሰበሰቡበት ቦታ ይለያያል። በብሪታኒያ ብዙዎቹ የሚገናኙት በሠፈር መጠጥ ቤቶች የኋላ ክፍልና በቤተ ክርስቲያን አዳራሾች ነው። በዚያው አገር ከ1982 ጀምሮ የሚሠራውና ከመደበኛ ሥራ የወጡ ሰዎች እርስ በርስ የሚማማሩበት የሦስተኛው ዕድሜ ዩኒቨርሲቲ በብዙ ቅርንጫፎቹ የዩኩሌሌ ክፍል አለው። በአሜሪካና በካናዳ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት፣ የጡረተኞች ማዕከልና የማዘጋጃ ቤት መዝናኛ ማዕከል ዋነኞቹ ናቸው። በርካታ ቤተ መጻሕፍት መሣሪያውንም እንደ መጽሐፍ ያውሳሉ፤ ለምሳሌ የቶሮንቶ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ከ2016 ጀምሮ የሙዚቃ መሣሪያዎችን በነፃ ያውሳል። ስለዚህ አዲስ ነዋሪ መጀመሪያ ሊያወጣው የሚገባው የቤተ መጻሕፍት ካርድ ነው።

ሁለተኛው አድራሻ የሙዚቃ መሣሪያ መሸጫ ሱቅ ነው። ባለ ሱቁ ክር የሚገዙትን ስለሚያውቅ ቡድኑንም ያውቃል። ሦስተኛው ትምህርት ቤት ነው፤ በኒውዚላንድና በብሪታኒያ ብዙ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ዩኩሌሌ ስለሚያስተምሩ መምህሩ ብዙ ጊዜ የአዋቂዎችንም ቡድን ይመራል ወይም የሚመራውን ያውቃል። አራተኛው ዓመታዊ የዩኩሌሌ በዓል ነው። በዓሉ ሩቅ ቢሆንም ከየአካባቢው የመጡ ቡድኖች በአንድ ቀን ስለሚገኙበት አንድ ጉዞ የብዙ ወር ፍለጋን ያስቀራል።

ቡድን ማግኘት ብቻ አይበቃም፤ ዓይነቱንም መለየት ያስፈልጋል። በብዛት የሚገኘው የጋራ ዘፈን ቡድን ነው፤ ፈተና የለውም፣ የመጣ ሁሉ ይገባል። ሁለተኛው በአረጋውያን መኖሪያና በከተማ በዓላት የሚያቀርብ የመድረክ ቡድን ሲሆን ልምምድ ላይ አዘውትሮ መገኘትን ይጠይቃል። ሦስተኛው በክፍያ የሚሰጥ የተወሰኑ ሳምንታት ትምህርት ነው። አራተኛው ኖታ እያነበበ ዜማንና አጃቢን ከፋፍሎ የሚጫወት ስብስብ ነው። ከማንም ጋር ገና ያልተዋወቀ ሰው በመጀመሪያው ዓይነት ቢጀምር ይሻላል፤ ችሎታው የሚፈቅድ ከሆነ ወደ ሌሎቹ የሚያደርሱት እዚያው የሚያገኛቸው ሰዎች ናቸው።

የቅኝት ልዩነት

ከአንድ አካባቢ ወደ ሌላ የተዛወረ ተጫዋች ያልጠበቀው ነገር ሊገጥመው ይችላል፤ የክሮቹ ቅኝት በሁሉም አገር አንድ አይደለም። በዓለም የተስፋፋው ቅኝት ጂ፣ ሲ፣ ኢ፣ ኤ ነው። በዚህ ቅኝት ለተጫዋቹ ፊት የሚቀርበው የጂ ክር ከሲው ክር ይልቅ ቀጭን ድምፅ ያለው ሲሆን የዩኩሌሌ ልዩ ቃና የሚመጣውም ከዚህ ነው። አንዳንዶች ይህን ክር በወፍራም ይተኩታል። በካናዳ ትምህርት ቤቶች የተስፋፋው ቅኝት ደግሞ ኤ፣ ዲ፣ ኤፍ ሻርፕ፣ ቢ ነው፤ ይህም ከተለመደው በአንድ ሙሉ ድምፅ ይበልጣል። ባሪቶን ዩኩሌሌ እንደ ጊታር አራት ቀጫጭን ክሮች ዲ፣ ጂ፣ ቢ፣ ኢ ተብሎ ይቃኛል።

ልዩነቱ ተጫዋቾችን የሚያጋጨው በጣት አቀማመጥ ሥዕል ላይ ነው። በወረቀቱ ላይ “ዲ ሜጀር” ተብሎ በስም ከተጻፈ እያንዳንዱ በየመሣሪያው ቅኝት ይይዘዋል፤ ሁሉም አንድ ድምፅ ያወጣሉ። ቡድኑ በሥዕል የሚጠቀም ከሆነ ግን ለአንዱ ቅኝት የተሣለው ለሌላው ስሕተት ነው። ስለዚህ አዲስ ገቢ ከመጀመሪያው ስብሰባ በፊት ቡድኑ በምን ቅኝት እንደሚጫወት ቢጠይቅ ይጠቅመዋል።

የመጀመሪያው ምሽት

የጋራ ዘፈን ቡድን ስብሰባ ብዙውን ጊዜ ሁለት ሰዓት ያህል ይፈጃል። በአንዳንዶቹ የመጀመሪያው ግማሽ ሰዓት ለጀማሪዎች ትምህርት ይውላል። ከዚያ መሪው የዘፈኑን ስም ይናገራል፤ ምቱን ቆጥሮ ያስጀምራል፤ ግጥሙና ኮርዱ በመጽሐፍ ወይም ግድግዳ ላይ በሚያርፍ የፕሮጀክተር ምስል ይታያል። በመካከል የሻይ ዕረፍት አለ። ከዕረፍቱ በኋላ የፈለገ ሰው ብቻውን ወይም ከሌላ ጋር አንድ ዘፈን ያቀርባል። መዋጮው ብዙ ጊዜ ለአዳራሽ ኪራይና ለሻይ የሚበቃ ነው።

ሥነ ሥርዓቱ ጥቂት ነው፤ ግን ይከበራል። መሣሪያን ቃኝቶ መምጣት፣ በዘፈኖች መካከል ዝም ብሎ አለመግረፍ፣ ከመሪው ምት አለመቅደም፣ ሳይጠየቁ ሌላውን አለማረም። ኮርድ ያመለጠው ሰው ምቱን ሳይለቅ ክሮቹን በእጁ አፍኖ ይቀጥላል፤ በሚቀጥለው ኮርድ ይገባል። የሻይ ዕረፍቱን ከጨዋታው እኩል ሊያከብሩት ይገባል። የመኪና መካኒክ፣ ጥሩ ሐኪም ወይም የልጆች ትምህርት ቤት የሚጠቆመው በዚያ ሰዓት ነውና።

መሣሪያውም እንደ ሰው አዲሱን አየር መልመድ አለበት። ከእንጨት የተሠራ ዩኩሌሌ ከ45 እስከ 55 በመቶ በሚሆን የአየር እርጥበት ይመቸዋል። ከባሕር ዳርቻ ወደ በረሃ፣ ወይም ክረምቱን በማሞቂያ ወደሚደርቅ ቀዝቃዛ አገር ሲወሰድ ሊሰነጠቅ ይችላል። መከላከያው በመያዣ ሣጥኑ ውስጥ እርጥበት ሰጪ ማስቀመጥ ነው። በጋ ላይ መኪና ውስጥ መተው ደግሞ ሙጫውን ያላቅቃል። ፕላስቲክ መሣሪያ በአየር መድረቅ የመሰንጠቅ ሥጋት የለበትም።

ከክራር ለመጣ ሰው

በዋሽንግተን፣ በቶሮንቶ፣ በለንደን ወይም በቴል አቪቭ ለሚኖር ኢትዮጵያዊ ዩኩሌሌ ሙሉ በሙሉ ባዕድ አይሆንበትም። በሲ የተጀመረ ሜጀር ትዝታ አምስቱ ድምፆች ሲ፣ ዲ፣ ኢ፣ ጂ እና ኤ ናቸው። የዩኩሌሌ ክሮች ሳይነኩ የሚሰጡት ጂ፣ ሲ፣ ኢ እና ኤን ነው፤ ማለትም ከአምስቱ አራቱን። የቀረው ዲ በሲው ክር ሁለተኛ ፍሬት (በአንገቱ ላይ ያለ የብረት መስመር) ላይ ይገኛል። ሲ ሜጀርና ኤ ማይነር የተባሉት፣ እያንዳንዳቸው በአንድ ጣት የሚያዙት ኮርዶችም ከትዝታ ድምፆች ብቻ የተሠሩ ናቸው። ስለዚህ በትዝታ የተዘፈነ ዜማን በእነዚህ በሁለቱ ብቻ ቅኝቱን ሳያበላሹ ማጀብ ይቻላል።

ልዩነቱም መታወቅ አለበት። ክራር ደርዳሪ ከትዝታ ወደ አምባሰል ወይም ወደ አንቺሆዬ ሲሄድ ክሮቹን እንደገና ይቃኛል፤ ሲገርፍም የማይፈልጋቸውን ክሮች በግራ እጁ ጣቶች ያፍናል። ዩኩሌሌ ላይ ክሮቹ እንዳሉ ይቆያሉ፤ ቅኝቱን የሚለውጡት በፍሬቶቹ ላይ የሚንቀሳቀሱት ጣቶች ናቸው። አምባሰልን በሲ ለመጫወት ዲ ፍላት፣ ኤፍና ኤ ፍላትን በጣት መፈለግ ግድ ነው። የተለመዱት የአጃቢ ኮርዶችም አይስማሙትም፤ ስለዚህ ዜማውን ነጠላ ነጠላ አድርጎ መጫወት ይሻላል። ብዙ ቡድኖች አባላት ከየአገራቸው ዘፈን ይዘው እንዲመጡ ይጋብዛሉ። ሁለት ኮርድ ያለው፣ አዝማቹ የሚደጋገም፣ ግጥሙ በላቲን ፊደል የተጻፈ የአማርኛ ዘፈን በአንድ ምሽት ይለመዳል። በእንግድነት የመጣውም በዚያች ምሽት አስተማሪ ይሆናል።

ቡድን በሌለበት ቦታ

ምንም ቡድን የሌለበት አካባቢ ቢገጥም መፍትሔው መመሥረት ነው፤ ለዚህም ነባር ነዋሪ መሆን አያስፈልግም። የሚያስፈልገው ነፃ ክፍል፣ የማይለወጥ ቀንና በሦስት ኮርድ የሚያልቁ አሥር ያህል ዘፈኖች ናቸው። ክፍሉን ቤተ መጻሕፍት ወይም የሠፈር ማዕከል ይሰጣል። ዘፈን ሲመረጥና ሲባዛ የቅጂ መብት መከበር አለበት፤ በአሜሪካ ከታተሙ ከ95 ዓመት በላይ የሆናቸው ዘፈኖች ለሁሉም ነፃ ናቸው። ለመጀመሪያው ስብሰባ የተበደሩ ሁለት ሦስት ትርፍ መሣሪያዎች ቢኖሩ ባዶ እጁን የመጣ ሰው ተመልካች ሆኖ አይቀርም።

ብዙ አዲስ ቡድኖች የሚፈርሱት በችሎታ ማነስ ሳይሆን በቀጠሮ መዛባት ነው። ሦስት ሰው ብቻ ቢመጣም በቀኑና በሰዓቱ የሚከፈት በር አራተኛውን ያመጣል። አዲስ ነዋሪም መሣሪያውን በሚገባ እስኪለምድ ቤቱ መቆየት የለበትም፤ የዩኩሌሌ ቡድን ሰው ተምሮ የሚገባበት ሳይሆን ገብቶ የሚማርበት ቦታ ነው። ዕቃውን ፈትቶ ሳይጨርስ በመጀመሪያው ሳምንት ይሂድ፤ በሚቀጥለውም ይመለስ።